ላሞች የጠጡት ሐይቅ

ካምፕ ሐይቅን እግዜር አልፈጠረውም። ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደውን አስፋልት የሠሩት ሰዎች ናቸው የፈጠሩት፤ እነሱም ቢሆኑ ሳያውቁት ነው። እዚህ ካምፕ ሠርተው ለመንገዱ የሚሆን ገረጋንቲ ሲቆፍሩ ከረሙና መንገዱ ሲያልቅ ዕቃቸውን ጭነው፣ ጉድጓዱን አፉን እንደከፈተ ትተውት ሄዱ። ክረምት ገባና ሞላው። የአገሩ ሰው መጀመሪያ «የካምፑ ጉድጓድ» ይለው ነበር። አንድ ሰካራም ከነብስክሌቱ ገብቶበት ከነብስክሌቱ ከወጣ በኋላ «የካምፑ ኩሬ» ተባለ። ከከተማ ወጣቶች በባጃጅ እየመጡ ፎቶ መነሳት ሲጀምሩ ደግሞ ማዕረጉ ከፍ አለና «ካምፕ ሐይቅ» ሆነ። በዚያ አገር እንደሱ ቶሎ የተሾመ የለም።

ሹመቱን ያጸደቀለት ግን አንዱአምላክ ነው።

አንዱአምላክ የአንድ ሰሊጥ አምራች ባለሀብት ትራክተር ይነዳል። ባለሀብቱ የሚኖረው ጎንደር ነው። ትራክተሩና አንዱአምላክ ግን እዚሁ፣ መንገድ ሠሪዎቹ ትተውት በሄዱት የቆርቆሮ ቤት፣ ከሐይቁ ዳር ሁለቱ ብቻቸውን ይኖራሉ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሷል። ያመጣው ውጤት ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አልነበረም፤ እሱም አልተከራከረም። ከትምህርት ዘመኑ አጥርቶ የሚያስታውሰው ተማሪዎች ጣናን ሊያዩ ጎርጎራ የሄዱ ዕለት የሆነውን ነው። ሌሎቹ ምሳ ሲበሉ እሱ ዳር ላይ ተቀምጦ ውሃውን ያይ ነበር። አውቶቡሱ ትቶት ሲሄድ ማንም አላስተዋለም። እሱም አላስተዋለም።

ስለዚህ ሐይቁ ደጁ ላይ ሲሞላ፣ ሌላው ሰው «ወባ መጣብን» ባለበት ጊዜ፣ እሱ «ጀልባ ያስፈልገዋል» አለ።

ጀልባውን የሠራለት የመተማ ዮሐንስ በያጅ ነው። በያጁ በዕድሜው ጀልባ አይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው የአይሱዙ ካሶኒ ነው። የበርሜል ቆርቆሮ ዘርግቶ፣ ቆርጦ፣ በይዶ ሲጨርስ፣ ከፊቱ እንደ ጀልባ የሾለ፣ ከኋላው ግን እንደ ጭነት መኪና ወደ ታች የሚከፈት ስፖንዳ ያለው ነገር ወጣ።

«በዚህ በኩል ምን ሊገባ ነው?» አለው አንዱአምላክ።

«ዕቃ ነዋ!» አለ በያጁ ተቆጥቶ። «ስፖንዳ የሌለው ነገር ሠርቼ ስሜን ላጥፋ?»

ከዚያ ወዲህ ጀልባው ውሃ ላይ ከመውጣቱ በፊት የስፖንዳው ዙሪያ በሬንጅ ይደፈናል። ሰማያዊ ቀለም ተቀባ። ጎኑ ላይም አንዱአምላክ በራሱ እጅ «ጣና ቁጥር ሁለት» ብሎ ጻፈበት።

እሁድ እሁድ ሰው ከከተማ ይመጣል። አንዱአምላክ በረጅም ሽመል እየገፋ ማዶ ያደርሳቸዋል፣ ይመልሳቸዋል። ውቢትም የመጣችው እንዲሁ አንድ እሁድ ነው። የደንቢያ ልጅ ናት፤ ጣና ዳር ተወልዳ ያደገች፣ መተማ ዮሐንስ የአክስቷን ሻይ ቤት ልታግዝ የወረደች። ጀልባው ውስጥ ተቀምጣ ግራ ቀኙን አየች።

«ይኸ ነገር ወዴት ነው የሚሄድ?» አለችው።

«ወደ ማዶ።»

«ማዶ ምን አለ?»

አንዱአምላክ ማዶውን አየው። «ምንም።»

«እዚያ ከደረስንስ?»

«እንመለሳለን።»

አሰበችበት። «በል ግፋ» አለችው።

በሚቀጥለው እሁድም መጣች። ኋላ ኋላ እሁድ እስኪደርስ መጠበቅ ተወች። ሁለቱም ወሬ አያበዙም፤ ማዶ ይሄዳሉ፣ ምንም እንደሌለ ያያሉ፣ ይመለሳሉ። ክረምቱ ሲጋመስ አንዱአምላክ ማዶ ሲደርሱ «ሽማግሌ ልላክ?» አላት። ሲመለሱ «ላክ» አለችው።

በዚያ አካባቢ ሽማግሌ ማለት አያ ቢሻው ናቸው። አባታቸው ከደጋ ወርደው ጫካ መንጥረው ከሰፈሩት አንዱ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ የቆላውን ጎረምሳ ሁሉ ሲድሩ የኖሩ ናቸው። አፋቸው ጣፋጭ ነው፣ ግን አይዋሹም። ያለውን ነገር አሳምረው ይናገራሉ እንጂ የሌለውን አይጨምሩም። በዚህ ይኮራሉ።

በመስከረም፣ ሐይቁ ጢም እንዳለ፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ደንቢያ፣ ከውቢት አባት ከአያ ያረጋል ቤት ገቡ። እንደ ደንቡ ደጃፉ ላይ ቆሙ። «ቁጭ በሉ» ቢሏቸው፣ እንደ ደንቡ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ።

«እንግዲያ ቁሙ» አሉ አያ ያረጋል። «ልጁ ምን አለው?»

ነገሩ እዚህ ላይ ከበደ። አንዱአምላክ መሬት የለውም። ከብት የለውም። ትራክተሩ የሰው ነው። ቤቱም የመንገድ ሠሪዎች ነው። አያ ቢሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«ጀልባ አለው። ሐይቅ ላይ ሰው እየነዳ ያዝናናል» አሉ።

«ጀልባ?»

«ጀልባ።»

«እዚያ ቆላ?»

«እዚያው ቆላ።»

አያ ያረጋል የተወለዱት ጣና ዳር ነው፤ ያረጁትም እዚያው ነው። ቆላ ወርዶ ጀልባ አለኝ የሚል ሰው ግን ሰምተው አያውቁም። «እንዲህ ከሆነ ከፋሲካ በኋላ መጥቼ አየዋለሁ» አሉ። «ጀልባው ካለ፣ ሐይቁም ላይ ከነዳኝ፣ ልጄ የእሱ ናት። ሐሰት ሆኖ ካገኘሁት ግን እሷን ይዤያት እመለሳለሁ፤ ሁለተኛም በዚህ ጉዳይ ደጄን የሚረግጥ ሰው እንዳላይ።»

ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ተመለሱ። አያ ቢሻው ጉልበታቸው ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደሚያማቸው ለሰው ሁሉ ይናገራሉ። «አንቀመጥም ብለን ወጣን። ያ ሰውዬ እስኪፈቅድ ጉዳዩ ቆሟል፤ እኔም በሕሊናዬ ቆሜያለሁ» ይላሉ፣ ተቀምጠው።

ለካ ዝናቡም ከፍልሰታ በኋላ ቆሞ ኖሯል። ጥቅምት ላይ ነው ሰው ሁሉ ያመነው። ሰሊጡ አበባው ላይ እንዳለ ቀረ፤ ማሽላው ትከሻ ድረስ አድጎ ራስ ሳያወጣ ደረቀ። ለአጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የወረዱት ሳሉጎች የሚያጭዱት አጥተው ማጭዳቸውን እንደጠቀለሉ ተመለሱ። ባለሀብቱ ከጎንደር ደውሎ «ትራክተሩን ምን እያደረግኸው ነው?» ሲል አንዱአምላክ «እያየሁት ነው» አለው።

ሐይቁም ማነስ ጀመረ። ሌላ ዓመት ሚያዝያ ላይ እንኳ ሰው ያሰምጥ የነበረው ውሃ፣ በጥር ጀልባውን በግድ የሚያዞር ሆነ። በመጋቢት ማዶው ራሱ እየመጣ ወዲህኛው ዳር ላይ ደረሰ። በሁዳዴ ማብቂያ መሐሉ ላይ ከጉልበት የማያልፍ አንድ ወጥ ውሃ ቀረ፤ ጀልባው እዚያ ውስጥ፣ ድስት ውስጥ እንዳለ ጭልፋ ተቀምጧል። እሁድ እሁድ የሚመጡት ግን አልቀሩም። ባጃጃቸውን ዳር ያቆሙና የተሰነጠቀውን ጭቃ እያዩ ለስላሳቸውን ይጠጣሉ። «ውሃው መቼ ነው የሚመለስ?» ብለው ይጠይቁታል፣ ገበያ የሄደ ይመስል።

የፋሲካ ማግስት አያ ቢሻው መጡ። ውሃውን አዩት፤ ዞረው ከሌላ በኩልም አዩት።

«ይበቃል» አሉ። «ጀልባው እስከተንሳፈፈ ድረስ ሐይቅ ነው። ያረጋል የፊታችን እሁድ ይመጣሉ ተብሏል። እስከዚያ ፀሐይዋ ትንሽ ብትጠጣ ነው። እኔን ያሰጋኝ ከብት ነው። እጠረው።»

«ልጠረው?»

«እጠረዋ! እኔ እስከ ዛሬ ቢሻው ዋሸ ተብዬ አላውቅም። በአንድ ኩሬ ምክንያት ልባል?»

«ሐይቅ» አለ አንዱአምላክ።

«በአንድ ሐይቅ ምክንያት።»

አንዱአምላክ የግራር እሾህ ቆርጦ ውሃውን ዙሪያውን አጠረው። ደረቅ ሐይቅ መሐል፣ አጥር ውስጥ፣ አንዲት ሰማያዊ ጀልባ። ከዚያ ዳር ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይጠብቅ ጀመር። መጠበቅ አይከብደውም። አያ ያረጋል ሲመጡ ምን እንደሚላቸው፣ እሳቸው ምን እንደሚሉት፣ ውቢት ምን ለብሳ እንደምትመጣ፣ ከሠርጉ በኋላ ሁለቱ ማዶ ሄደው ምንም እንደሌለ ሲያዩ፣ ይኸን ሁሉ ከጧት እስከ ማታ ያስባል። ሲጨርስ ካንድ ይጀምራል።

ሐሙስ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ሙነወር መጣ። ሙነወር ከካምፑ ጀርባ ባለችው መንደር ከብት የሚያረባ ጎረቤቱ ነው። የመንደራቸው የውሃ ጉድጓድ ፓምፑ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ ከብቶቹን ጓንግ ወንዝ ድረስ እየነዳ ያጠጣቸው ነበር፤ ጠጥተው ሲመለሱ ደግሞ እንደገና ይጠማቸዋል። የነጣ ጀለቢያውን ሰብሰብ አድርጎ አንዱአምላክ ጎን ተቀመጠ። ላሞቹ ግን አልተቀመጡም። ወርደው አጥሩ ዙሪያ ቆሙ።

«ሰላም ነህ አንዱ?»

«ሰላም ነኝ ሙነወር።»

«አጠርክ።»

«አጠርሁ።»

«ምን ልትዘራ?»

«አማቴ ሊመጡ ነው።»

ሙነወር ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ ግልጽ የሆነለት ይመስል ነበር። «ይዋኛሉ?»

«አይ፣ ጀልባ ላይ ነው የሚወጡ።»

«ማሻአላህ።»

ላሞቹ ውሃውን ሳይሆን አንዱአምላክን ነበር የሚያዩት። አንዷ አንድ ቀንድ ብቻ ያላት አሮጊት ላም አንገቷን በእሾሁ ላይ አሳልፋ ምላሷን ዘረጋች፤ አልደረሰላትም። ምላሷን አልመለሰችውም። እንደተዘረጋ ተወችው።

«ምን ፈልገው ነው?» አለ አንዱአምላክ። መልሱን አያውቀው ኖሮ አይደለም።

«ለመዝናናት ነው ያመጣኋቸው» አለ ሙነወር። «ከከተማ ሰው ይመጣል፣ እነሱም አገራቸውን ይዩ ብዬ።»

«ሙነወር...»

«ክፈት አላልሁህም። አትክፈትም አላልሁህም። እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ ነው።»

አንዱአምላክ ያሰበውን ሐሳብ ካንድ ሊጀምር ፈለገ። አያ ያረጋል ሲመጡ ምን እንደሚላቸው ላይ ሲደርስ ያችን ምላስ አያት። እንደገና ጀመረ። እዚያው ላይ ሲደርስ እንደገና አያት። ተነሥቶ ወረደና የመጀመሪያውን እሾህ አነሳ። እጁን ወጋው። እሱን ሰበብ አድርጎ ትንሽ ቆም አለ፤ ደሙን ጠባ፤ ውቢትን አሰበ። ከዚያ የቀረውን አነሳ።

ላሞቹ አልተጋፉም። ተራ የያዙ ያህል ጀልባዋን ከበው አንገታቸውን ደፉ። ወሬው እንዴት እንደሄደ አይታወቅም፣ ከወዲያኛው መንደርም ከብት መጣ፣ ፍየልም መጣ፣ አህያም መጣ። የሰው አገር ከብት መሆኑ ሲታይ ሙነወር «እኔ እነዚያን አላመጣሁም» አለ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጀልባዋ ወደ አንድ ጎኗ ዘንበል አለች፤ አንዴ እንደ መሳል ያለ ድምፅ አሰማችና ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

ሙነወር ተነሥቶ ጀለቢያውን አራገፈ። «ኸላስ» አለ። አለቀ ማለቱ ነው፤ አለመናገርም ይችል ነበር።

በማግስቱ ውቢት ደወለች።

«ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ ተከፍቷል። አባቴ ተነሥቷል፤ እሁድ እናንተ ዘንድ ነን።»

«ውቢት፣ ሐይቁን ላሞች ጠጡት።»

«ምኑን?»

«ሐይቁን።»

ስልኩ ውስጥ የሻይ ብርጭቆ ሲታጠብ ይሰማል። «የማን ላሞች?» አለች።

«የሙነወር። በኋላ የሌላም መጣ።»

«አንተ የት ሆነህ?»

«እኔ ነኝ የከፈትሁላቸው።»

ብርጭቆው ቆመ። «አባቴ ሲጠይቅህ እንደዚሁ በለው» አለች። «እንዳታሳምረው። እሱ ውሸት ካንድ ቀን መንገድ ነው የሚሸተው።»

«ልጄን ይዤ እሄዳለሁ ቢሉስ?»

«ይዞኝ ይሄዳላ» አለችና ዘጋችው። ይኸ ማስፈራሪያ ይሁን ኀዘን አንዱአምላክ ሌሊቱን ሙሉ ቢያስብ ሊለየው አልቻለም።

አያ ቢሻው በበኩላቸው የጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን ያዙ። «ገደልኸኝ» አሉ። «በሽምግልናዬ መጨረሻ ገደልኸኝ። አሁን ምን ልበል? ሐይቁ ጋራዥ ገባ ልበል?»

«ሐይቅ ላይ ይነዳል ብለዋል አይደል?»

«ብያለሁ፣ አንደበቴን ይያዘውና።»

«እነዳቸዋለሁ» አለ አንዱአምላክ፤ ትራክተሩንም አየው። ከጥቅምት ጀምሮ ሲያየው የቆየው ለካ ለዚህ ኖሯል።

እሁድ አያ ያረጋል በባጃጅ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በዚያ እሳት በሚያዘንብ ሙቀት ጋቢያቸውን ያላወለቁ ሰው ናቸው። ላብ ጢማቸው ላይ ይንጠባጠባል፤ እሳቸው ግን ላቡን እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ ቆጥረውታል። ውቢት ከኋላቸው ጥላ ይዛ ወረደች። አረንጓዴ ቀሚስ ነበር የለበሰችው፤ አንዱአምላክ ካሰባቸው ቀሚሶች ውስጥ አረንጓዴ አልነበረም።

አያ ያረጋል ዳሩ ላይ ቆመው ደረቁን ሐይቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። መሬቱ እንደ ተሰበረ ሸክላ ተሰነጣጥቋል። መሐሉ ላይ ጀልባው ተቀምጧል፤ በሰንሰለት ከትራክተር ጋር ታስሯል። ጠጋ አሉና ጽሑፉን ጣታቸውን እያስከተሉ አነበቡ።

«ጣ-ና ቁ-ጥር ሁ-ለት።» ቀና አሉ። «ሁለተኛው ይኸ ነው?»

«ይኸ ነው» አለ አንዱአምላክ።

«አንደኛውን አውቀዋለሁ።»

አያ ቢሻው አፋቸውን ከፈቱ። «እንግዲህ አያ ያረጋል፣ ዘንድሮ አየሩ...»

«ይንዳኝ» አሉ አያ ያረጋል።

አንዱአምላክ ዞሮ ስፖንዳውን ከፈተላቸው። ከተሠራ ጀምሮ ስፖንዳው ለአንድ ነገር ሲጠቅም ይህ የመጀመሪያው ነው። አያ ያረጋል እግራቸውን ሳያነሱ፣ ጋቢያቸው ሳይዛነፍ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው ገብተው ተቀመጡ፤ ዱላቸውን በሁለት ጉልበታቸው መሐል አቆሙ። ውቢት ጥላውን ዘርግታ ሰጠቻቸው። አያ ቢሻው «እኔስ?» ሊሉ አሰቡና ጉዳዩ እንዳልተፈጸመ ትዝ አላቸው። ሽማግሌ ሳይፈቀድለት አይቀመጥም። ከጀልባው ኋላ በእግራቸው ቆሙ።

ትራክተሩ ተነሣ። ሰንሰለቱ ተወጠረ፤ ጀልባው ጮኸ፤ ከዚያ ሄደ።

አንዱአምላክ በጣም በዝግታ ነበር የሚነዳው፤ ማዕበል እንዳያነሣ የሚጠነቀቅ ይመስል። ጀልባው ከሥሩ ሸክላውን እየሰባበረ ይንሸራተታል፤ አቧራው ከኋላ እንደ አረፋ ይነሣል፤ አያ ቢሻው አቧራው ውስጥ እያነከሱ ይከተላሉ። ከከተማ የመጡት ባጃጃቸው ላይ ቆመው ፎቶ ያነሳሉ። የሙነወር ላሞች ሐሙስ ያገኙትን አልረሱም መሰለኝ፣ ጀልባዋ ወዴት እንደምትሄድ ሊያዩ ተሰልፈው ተከተሏት። ሙነወርም የማለዳ ወተት በጆግ ይዞ ከላሞቹ ኋላ መጣ። እንዲህ ሆነው ደረቁን ሐይቅ ዞሩት። አያ ያረጋል ግራ ሲያዩ፣ ቀኝ ሲያዩ፣ ፊታቸው ላይ አንዳች ነገር አልተነበበም።

ተመልሰው መሐሉ ላይ ሲደርሱ ዱላቸውን አነሡ። አንዱአምላክ ሞተሩን አጠፋ።

«እዚህ ጥልቀቱ ምን ያህል ነበር?»

«እዚህ ሰው አይቆምም ነበር።»

አያ ያረጋል ጀልባው ውስጥ ተነሥተው ቆሙ። «አሁን ይቆማል» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። «ውሃውን ምን ነካው?»

«ፀሐይ...» አሉ አያ ቢሻው ከአቧራው ውስጥ።

«ፀሐይ ያስተረፈችውን ላሞች ጠጡት» አለ አንዱአምላክ።

«የምን ላሞች?»

አንዱአምላክ አሳያቸው። እዚያው ነበሩ። አንድ ቀንድ ያላት ላም ጀልባው ጎን ደርሳ የጋቢያቸውን ጥለት ታሸት ነበር።

«ማን አስገባቸው?»

«እኔ።»

«እኔ እንደምመጣ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«እና ለምን ከፈትህ?»

አንዱአምላክ አሰበ። ጥሩ መልስ ለማግኘት ሦስት ቀን ነበረው፤ ሦስቱንም ቀን ስለ ሌላ ነገር አስቦ ጨርሶታል። «ቆመው ያዩኝ ነበር» አለ።

አያ ያረጋል ላሟን አዩአት። ላሟም አየቻቸው። ሙነወር ይህን አጋጣሚ ተጠቅሞ ወተቱን አቀበላቸው፤ ተቀብለው ጠጡ፤ ጆጉን ሳያጋድሉ ቀስ ብለው ጨረሱት። ጢማቸውን ጠረጉ።

«የእኛው ሐይቅ ሙሉ ነው» አሉ። «ግን ዳሩን እምቦጭ አረም ሸፍኖታል። ላም ውሃውን እያየች ትቆማለች እንጂ አትደርስበትም። ገብታ ያልወጣችም አለችኝ።» ጆጉን መለሱ። «አያ ቢሻው!»

«አቤት!»

«መስከረም ቤቴ ቆመው የተናገሩትን አልረሳሁም። ጀልባ አለው ብለዋል።» በዱላቸው ጀልባውን ቆረቆሩት፤ እንደ በርሜል ጮኸ። «አለ። ሐይቅ ላይ ሰው እየነዳ ያዝናናል ብለዋል። ነድቶኛል። ውሃ አለው ብለዋል?»

አያ ቢሻው ሽፋሽፍታቸው ድረስ አቧራ ለብሰው ነበር። «እንደው... ሐይቅ ካልን ዘንድ... ያው...»

«ውሃ አላሉም። እኔም አልጠየቅሁም። ጣና ዳር አርጅቼ ሐይቅ ሲሉኝ ውሃ አለው ወይ ብዬ አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው። ሽማግሌ አልዋሸም።» ወደ ውቢት ዞሩ፤ ከዚያ ወደ ትራክተሩ። «ላም ቆማ ስታየው ያላስቻለው ሰው፣ ይች ቆማ ስታየው ምን እንደሚሆን እኔ እንጃ። እሷስ መቆምም ማየትም ታውቅበታለች፤ እናቷን ነው የወጣች።»

ማንም አልሳቀም። ይፈቀድ እንደሆነ አልታወቀም።

«አያ ቢሻው» አሉ አያ ያረጋል፤ «ይቀመጡ።»

አያ ቢሻው መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ያሉበት ቦታ፣ የጋለው ሸክላ ላይ፣ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ከመስከረም ጀምሮ ያቆሟቸው ጉልበቶቻቸው ሲጮሁ ትራክተሩ ድረስ ተሰማ። «ተመስገን» አሉ፤ «ያቃጥላል፣ ግን ተመስገን።»

ሠርጉ መቼ እንደሚሆን ዛፉ ሥር ተቀምጠው ሲነጋገሩ፣ አያ ያረጋል «ሐይቁ ሲሞላ ነው» አሉ። «እንግዶቼን ይዤ መጥቼ በትራክተር ላስጎትታቸው አልችልም።» ሰማዩን ሁሉም አንዴ ቀና ብለው አዩት፤ ምንም አልነበረበትም፤ ተመልሰው ወደ ጨዋታቸው ገቡ።

ውቢት ከእነሱ ተለይታ ወደ ጀልባው ወረደች። በስፖንዳው ገብታ፣ ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ቦታ ተቀመጠች።

«የኔስ ተራ?» አለችው።

አንዱአምላክ ትራክተሩ ላይ ወጣ። «ወዴት?»

«ማዶ ነዋ።»

ነዳት። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ ሰንሰለቱ በመሐላቸው፣ ማዶ ደረሱ። ምንም አልነበረም። ሞተሩን አጥፍቶ ዞሮ አያት። እጇን በጀልባው ጠርዝ ላይ አሳልፋ፣ ውሃ በነበረ ጊዜ እንደምታደርገው፣ ጣቶቿን ወደ ታች ዘርግታ መሬቱን ነክታው ነበር።

«ውሃው እንዴት ነው?» አላት።

ጣቶቿን አንሥታ አየቻቸው። አቧራ ናቸው።

«ዛሬ ይሞቃል» አለች።